አንድ ሚስማር ላይ ያደሩ ቁልፎች

የሱሉልታውን ሥልጠና የጀመርኩት ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁልፍ በመሳል ነው። ሥዕል አልችልም፤ አንደኛው ማንኪያ መስሎ ቀረ። ቢሆንም ከሥራቸው "ቁልፍ አንድ"፣ "ቁልፍ ሁለት" ብዬ ጻፍኩና ወደ ሠራተኞቹ ዞርኩ።

"ካዝናችሁ በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ አይደል?"

"ነው" አሉ።

"ለምን ሁለት ሆነ? አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው። ጥሩ። ቁልፍ አንድ ማን ዘንድ ነው?"

የቅርንጫፉ ኃላፊ እጁን አወጣ።

"ቁልፍ ሁለትስ?"

አጠገቡ የተቀመጠችው ገንዘብ ያዥ እጇን አወጣች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ተማሪዎቼ ድንገት ሲስቁብኝ እንደማደርገው ጀርባዬን ዳበስኩ፤ ምንም የተለጠፈ ነገር የለም። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሴትዮ፣ ሁሉም ሰው "እትዬ" እያለ የሚጠራቸው፣ አዘኑልኝ።

"መምህር፣ አትድከም" አሉ። "ሁለቱም ቁልፎች የሚያድሩት አንድ ሚስማር ላይ ነው። በጥቅምት ድረናቸዋል። ቤቱን የፈለግሁላቸውም እኔ ነኝ፤ ሚስማሩን ግን እኔ አልመታሁም።"

እንደገና ተሳቀ። ገንዘብ ያዧ ለመውለድ ሁለት ወር ያህል ቀርቷት ነበርና ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩት።

ሰበታ ባለ አንድ ኮሌጅ ፋይናንስ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ መጽሐፎቼን በቁመታቸው ደርድሬ ስጨርስ መልሼ በርዕሳቸው እደረድራቸዋለሁ። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቢሮ ያለው አንድ ትንሽ የቁጠባና ብድር ተቋም "ሠራተኞቻችንን ስለ አሠራር ስጋት አሠልጥንልን፤ ቢሮዎቹንም እየዞርክ አይተህ ሪፖርት ጻፍልን" ሲለኝ ደመወዙን ሳልጠይቅ ነው እሺ ያልኩት።

የአሠራር ስጋት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የምጀምረው ምን እንዳልሆነ በመናገር ነው። ተበዳሪው ብድሩን አይመልስ ይሆናል የሚለው ስጋት አይደለም፤ እሱ ሌላ ምዕራፍ ነው። ይኼኛው ሥራው ራሱ የሚሰናከልበት መንገድ ነው። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይቋረጣል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ከሰውየው ጋር አብሮ ይታመማል። "ሌባ አያስፈልግም" እላለሁ ለተማሪዎቼ፤ የምወዳት ዓረፍተ ነገር ናት። ደግ ሰዎች፣ ደግ ነገር ሲያደርጉ፣ አንድ ደንብ ሳይታወቅ ይሞታል።

ሱሉልታ የሆነው ይኸው ነው። ለሠርጉ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አዋጥቷል። ከቡራዩ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር መጥቶ ጨፍሯል፤ "እንኳን ደስ ያላችሁ" የሚለው ደብዳቤ በማኅተም ተመትቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ካዝናው የሁለት ሰው መሆኑ የቀረው በዚያ ቀን እንደሆነ ግን ከጨፈሩት ውስጥ ትዝ ያለው የለም።

ሪፖርቱን ከሱሉልታ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የጻፍኩት። ሠንጠረዥ አለኝ፦ ስጋቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሞልቼው የማላውቅ አንድ ዓምድ። "ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ባልና ሚስት ናቸው" ብዬ ከጻፍኩ በኋላ መፍትሔው ሥር "ከሁለቱ አንዳቸው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወሩ" አልኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ሚኒባሱ አዲሱ ገበያ ሳይደርስ ጨርሼ በመስኮት ዝናቡን እያየሁ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቡራዩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበው። ሁሌም የሚቸኩል፣ ሁሌም ትሑት ሰው ነው።

"ይኼ ጥሩ ግኝት ነው መምህር። ግን ኃላፊውን ማንሳት አልችልም፤ የሱሉልታ ደንበኛ የሚያውቀው እሱን ነው። እሷ ትዛወር። ሰበታ ክፍት ቦታ አለን።"

"ሰበታ ለእሷ ሩቅ ነው" አልኩ።

"አንተ ትመላለስ የለ እንዴ?"

የወሊድ ፈቃዷ እንዳበቃ ሰበታ ሄዳ ሪፖርት እንድታደርግ የሚያዝ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ወጣ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሱሉልታ ስሄድ እስኪርቢቶ ይዤ ሰዓት መመዝገብ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከሰበታ አየር ጤና አንድ ታክሲ። ከአየር ጤና መርካቶ ሁለት፤ እዚያ ሰልፍ አለ። ከመርካቶ አዲሱ ገበያ ሦስት። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ ሱሉልታ አራት። ቤቴን የቆለፍኩት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ስደርስ ድምሩን ከሥር አሰመርኩበትና ደብተሩን ቶሎ ዘጋሁት።

ገንዘብ ያዧ በር ላይ ጠበቀችኝ። እኩያዬ ናት፤ በሥልጠናው ሰሞን "አንተ መምህር" እያለች ስትከራከረኝ ከርማለች። የዚያን ቀን ግን አከበረችኝ።

"እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"እኔ ነኝ።"

"ቁልፍ ጠፍቶብኝ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ሒሳብ ጎድሎብኝ ያውቃል?"

"አንድም ቀን።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። ስጋት ማለት እኮ ጥፋት ማለት አይደለም፤ ስጋት ማለት..."

"አያስረዱኝ" አለች።

በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ እንኳ ሲሰለቻቸው ሰዓታቸውን ያያሉ እንጂ አይሉኝም።

"አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ" ቀጠለች። "የሚጠባ ልጅ ጥዬ ከዚህ ስነሣ ሰበታ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል?"

"ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ" አልኩ። "ዝናብ ካለ ይበልጣል።"

አየችኝ። "ለክተውታል?"

"ለክቼዋለሁ።"

ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። "እንግዲያው ሥራዬን ልልቀቅ ነዋ" ብላ ወደ ክፍያ መስኮቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ቤት ስገባ ሪፖርቱን አወጣና አነበዋለሁ፤ ስህተት እፈልግበታለሁ። ስህተት የለውም። ሁለት ቁልፍ በአንድ ቤት ማደር የለበትም፤ ማንም መምህር፣ ማንም የፈተና ወረቀት እንዲህ ነው የሚለው። ስህተት ቢኖረው ኖሮ አርሜ እተኛ ነበር። ትክክል መሆኑ ነው ዕረፍት የነሳኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳልነግራቸው ለክትትል ሄድኩ። መንገዱ ጉም ለብሷል፤ ሯጮች በዳር በዳር ተከታትለው ሲያልፉ ትንፋሻቸው ይታያል። ቢሮው ክፍት ነው፤ ጥበቃውና እትዬ አሉ። አንድ ሽማግሌ ጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ የብድር ሠራተኞች ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ወርደዋል። የኃላፊውም የገንዘብ ያዧም ወንበር ባዶ ነው።

"ማለዳ ምጥ ያዛት" አሉኝ እትዬ። "ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላትና ባሏ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይዟት ወረደ።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት፤ ደውሎልኛል። እኔን ያሳሰቡኝ እኒህ ሰውዬ ናቸው።"

ሽማግሌው የሱሉልታ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። የቤታቸውን ካርታ አስይዘው የወሰዱትን ብድር ጨርሰዋል፤ ካርታው ካዝናው ውስጥ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ አላቸው። እትዬ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲነግሯቸው "ኦቦ ኮ"፣ ጌታዬ፣ እያሉ ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸዋል፤ እሳቸውም "ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓታቸውን ግን አዩ።

ኃላፊው ጋ ደወልኩ።

"መምህር! ገና ናት፤ ሐኪሞቹ ይቆያል ብለዋል።"

"እግዜር ይርዳት። ቁልፎቹስ?"

ከበስተጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

"ኪሴ ውስጥ ናቸው።"

"ሁለቱም?"

"ሁሌ ጠዋት ከሚስማሩ ላይ የማነሳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። እጄ ለምዶት ነው።"

እኔ ስለ ስርቆት ነበር የጻፍኩት። ካዝናውን የዘጋው ግን ሌባ ሳይሆን ምጥ ነው። ሁለት ቁልፍ በአንድ ቤት ሲያድር አንድ ቤት የሚገጥመው ነገር ሁሉ ካዝናውንም ይገጥመዋል። ይኼን ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሠንጠረዤ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ቡራዩ ደወልኩ።

"አንተ ሂድና አምጣቸዋ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ሁለቱንም?"

"አዎ፣ ሁለቱንም! ምን ችግር አለው? አንተን አምንሃለሁ።"

"እሷንም እኮ ያምኗት ነበር" አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እትዬ አብረውኝ ይሂዱ። አንዱን እሳቸው፣ አንዱን እኔ እንያዝ።"

"እሳቸው እኮ ቁልፍ የመያዝ ደረጃ የላቸውም።"

"እኔ ደግሞ ሠራተኛችሁ እንኳ አይደለሁም።"

"እሺ፣ እሺ። ብቻ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።"

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ እኔ በየደቂቃው መስኮቱን እጠርጋለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"እዚህ ቢሮ ስንት ዓመትዎ ነው?" አልኳቸው።

"ሲከፈት ወንበሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

"ቁልፍ ይያዙ ብሎ የጠየቀዎት ሰው የለም?"

"ማን ይጠይቀኛል? አንተስ ጠይቀኸኛል? ሰሌዳው ላይ ማንኪያ ስትስል ፊት ለፊትህ ነበርኩ እኮ።"

መስኮቱን መጥረግ ተውኩት።

ኃላፊው ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀን። ፀጉሩ ቆሟል፤ ሸሚዙን ገልብጦ ነው የለበሰው። ቁልፎቹ በአንድ ቀለበት ታስረዋል፤ ለሠርጋቸው የተሰጠ፣ ልብ የተንጠለጠለበት የቁልፍ መያዣ። ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

"ቆይ፣ ልፍታቸው። እንዲህ እንዳልሰጥህ ነግራኛለች።"

"ማን?"

"እሷ ናታ! ጥርሷን ነክሳ 'ለሁለት ሰው ነው የምትሰጠው፣ ለአንድ ሰው እንዳትሰጥ' አለችኝ። በዚያ ምጥ ውስጥ ሆና።"

ቀለበቱ ጠንካራ ነበር፤ ሦስታችንም ጥፍራችን እስኪያመን ታገልነው። አንዱን ለእትዬ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠን። ሥልጠናዬን ከሁሉም በላይ የሰማችኝ ከሥራዋ ላስወጣት የነበርኩት ሴት እንደሆነች የገባኝ ያኔ፣ ቁልፉ መዳፌ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ጎን ለጎን ተጣብበን ተቀመጥን። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"መምህር፣ ሁለታችንም በአንድ ታክሲ ከሄድን አንድ ሚስማር ላይ መሆናችን አይደል?"

አሰብኩት። እውነታቸውን ነው። "ወራጅ አለ!" ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ።

"ተቀመጥ፤ ቀለድኩ። አንተ ልጅ፣ ቀልድ ካልገባህ ሚስት አታገኝም።"

ካዝናውን ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፈትነው፤ እሳቸው በአንዱ፣ እኔ በሌላው፣ ጥበቃው በምስክርነት። ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስታችንም ፈረምን። ሽማግሌው ካርታቸውን ተቀብለው ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ስማቸውን አረጋገጡ። "ገለቶማ" ብለው አመሰገኑና ጥላቸውን ረስተው ወጡ፤ እትዬ ሮጠው አደረሱላቸው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሴት ልጅ።

ሁለተኛውን ሪፖርት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ከዚህ ቀደም ያቀረብኩት መፍትሔ የተሳሳተ ነበር" የሚል ነው፤ አስተማሪ ለሆነ ሰው ይህን መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አልሞክርም። ስጋቱን በትክክል አይቼዋለሁ። መፍትሔውን ስፈልግ ግን ዓይኔ ያረፈው ሰዎቹ ላይ ነው፤ ቁልፉ ላይ አይደለም። ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሴትዮዋን በአራት ታክሲ ከማዛወር ቁልፉን ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ማዛወር ይቻል ነበር። ቁልፍ ሁለትን እትዬ ይያዙት፤ ገንዘብ ያዧ ባለችበት ትቆይ።

ሥራ አስኪያጁ የዚያን ቀን ተቀምጦ አነበበ።

"መጀመሪያ ለምን እንዲህ አልጻፍክም?"

"አላሰብኩትም።"

"ሁለት ሪፖርት፣ ሁለት መፍትሔ። የቱን ልመን?" ግንባሩን አሸ። "እንዲህ እናድርግ። ቁልፉ ለእትዬ ይሰጥ። የዝውውሩን ደብዳቤ አልሰርዘውም፤ አቆየዋለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሄደህ እይ። ሁለቱ ቁልፎች በእርግጥ ተለያይተው ከሆነ ያኔ ይሰረዛል።"

ወሩን በሙሉ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደድኩ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ አንገታቸው እስኪያማቸው ድረስ በዓይናቸው ተከተሉኝ። በመጨረሻ ክፍል የሌለኝ ቀን ደረሰና ሱሉልታ ሄድኩ።

እትዬ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። አወጡና አሳዩኝ፤ መልሰው ከቀሚሳቸው ሥር ከተቱት። ሁሉም ነገር እንደጻፍኩት ነው። ደስ ብሎኝ ደብተሬን ስዘጋ "ልጅቷን ሳታይማ አትሄድም" አሉኝ። በምሳ ሰዓት አብረን ወጣን። ጭቃውን ዘለን አንድ ግቢ ደረስን፤ ከቦርሳቸው መክፈቻ አውጥተው የውጭውን በር ከፈቱ።

"የእነሱ በር መክፈቻ እርስዎ ጋ ነው እንዴ?" አልኩ።

"ምን የእነሱ? የእኔ ግቢ ነው። እነሱ እዚያኛው ቤት፣ እኔ እዚህ። ቤቱን የፈለግሁላቸው እኔ ነኝ አላልኩህም?"

ብለውኛል። ሥልጠናው ገና ሲጀመር፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ። እኔ ሚስማሩን ስጽፍ ይኼን አልጻፍኩትም።

ከእሳቸው ደጃፍ ወደ ባልና ሚስቱ ደጃፍ ስሄድ እግሬ ራሱ ቆጠረ። ገንዘብ ያዧ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቴን አየችው።

"ቆጠርክ አይደል?" አለች። ወደ "አንተ" ተመልሳ ነበር።

"ቆጠርኩ።"

"ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ እርምጃ።"

ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። "እንግዲህ ጻፈዋ" አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደክሟታል።

እትዬ ሊያስቁን ሞከሩ። "አሁን ደግሞ እኔን ነው ሰበታ የሚልከኝ!" ማንም አልሳቀም።

አለመጻፍ እችል ነበር። የቡራዩው ሰው እዚህ ግቢ አይመጣም። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ። ሁለት ቤት፣ ሁለት በር፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ። ማታ ኃላፊው ቁልፉን የት እንደሚያኖር ጠየቅሁ፤ እትዬንም ጠየቅሁ። ሚስማሩን አየሁት፤ የሕፃን ኮፍያ ተሰቅሎበታል።

ሠንጠረዤ ውስጥ ሁሌም ባዶ የምተወው የመጨረሻ ዓምድ አለ፦ "የቀረ ስጋት፤ ማን ተቀበለው?" ይላል። ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። ስጋት አይጠፋም፤ ይቀንሳል። የቀረውን አንድ ሰው አውቆት፣ ስሙን ጽፎ መሸከም አለበት። አስተማርኩት እንጂ ሞልቼው አላውቅም ነበር። እዚያው የልጅቷ ጨርቅ የተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሜ ሞላሁት፦ "ሁለቱ ቁልፍ ያዦች በአንድ ግቢ፣ በሁለት ቤት ይኖራሉ። በመካከላቸው አሥራ አንድ እርምጃ አለ። ተጠባባቂ ቁልፎች ይቀረጹና ታሽገው ቡራዩ ይቀመጡ። ይህን አይቼ አውቄዋለሁ። ዝውውሩ አያስፈልግም።" ፈረምኩበት፤ ከሥሩ ለሥራ አስኪያጁ አንድ መስመር ተውኩ።

በዚያው ቀን ወረቀቱን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። ማደር አልቻልኩም።

"አሥራ አንድ እርምጃ?" አለ።

"አዎ።"

"ባትጽፈው ማን ያውቅ ነበር?"

"ማንም። ግን ደብዳቤውን የሚሰርዙት ይህን አውቀው ከሆነ ነው የሚጸናው። ሳያውቁ ከሰረዙት ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቆጥሮ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እሷ እንደገና ትሄዳለች።"

እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ብዙ ጊዜ አንከባለለው። ወደ መስኮቱ አየ፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ከዚያ ባዶዋ መስመር ላይ ፈረመ፤ ከመሳቢያው የዝውውር ደብዳቤውን አውጥቶ በሰያፍ "ተሰርዟል" ብሎ ጻፈበትና ማኅተም መታበት።

ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

"ተሰርዟል" አልኳት።

"አሥራ አንዱን ነግረኸው?" አለች።

"ነግሬው።"

"እንዴት እሺ አለ?"

"አየሽ፣ የቀረ ስጋት ማለት..." ብዬ ጀመርኩ።

ልጅቷ አለቀሰች። "ቆይ፣ ተነሣችብኝ" አለችና ስልኩን ዘጋችው። እኔም ቀሪውን ለራሴ እያስረዳሁ፣ ወደ ሰበታ የሚያደርሰኝን የመጀመሪያውን ታክሲ ተሳፈርኩ።